የጋሽ ሞረድ ብስክሌት ዕድሜ
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ አዳራሽ፣ እዚሁ ማይክራፎን ፊት ቆሜ ስለ አንዲት ብስክሌት ተናግሬ ነበር። ብዙዎቻችሁ አጨብጭባችሁልኛል። አንዳንዶቻችሁም ለመስታወት ሣጥኑ ማሠሪያ ገንዘብ አዋጥታችኋል። ያን ዕለት የነገርኳችሁ ነገር ልክ አልነበረም። ፕሮግራም መሪው «ዘንድሮ ስለ ምን ልትናገር ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ስለ ብስክሌቷ» አልኳቸው። «እንደገና?» አሉ። አዎ፣ እንደገና።

ለአዲሶቹ መምህራን ትንሽ ልንገር። በወርክሾፓችን ጋሽ ሞረድ የምንላቸው ቴክኒሽያን ነበሩ። በደመወዝ መዝገብ ላይ ያለው ስማቸው ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገና ሲገባ አንድ ቁራጭ ብረትና አንድ ሞረድ ይሰጡትና «አራት ማዕዘን አድርገህ አምጣ» ይሉታል። ጨርሻለሁ ብሎ ሲያመጣ የማዕዘን መለኪያውን ብረቱ ላይ ያስደግፉና ወደ መስኮቱ ያነሱታል። በመካከሉ ብርሃን ካለፈ «ሞርድ» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። እኔ ሦስት ቀን ሞርጃለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ሁለት ሳምንት የሞረደ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው።

ጋሽ ሞረድ ጠዋትም ማታም በብስክሌት ነበር የሚመላለሱት። አረንጓዴ፣ መሪዋ ወደ ታች የታጠፈ፣ የእሽቅድምድም ብስክሌት። ስለዚች ብስክሌት ደግሞ በግቢው ውስጥ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ወሬ ነበር፤ «ይቺ ሜልቦርን የሄደች ናት» የሚል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው፤ በእኛ ኅዳር 1949 መሆኑ ነው። ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፤ ይሄ እውነት ነው። ከነዚያ ብስክሌቶች አንዷ በኋላ ጋሽ ሞረድ እጅ ገባች ተባለ። እሳቸውን ስንጠይቃቸው ይስቁና «ከሄደች እሷ ሄዳ ይሆናል፣ እኔ እንኳ ቃሊቲን አልፌ አላውቅም» ይላሉ። እኛ ይህንን እንደ ትሕትና ነበር የምንቆጥረው።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤተሰባቸው ብስክሌቷን ለወርክሾፑ ሰጠ። ያኔ ነው እኔ ተነሥቼ የሜልቦርኑን ታሪክ ከዚህ መድረክ ያወራሁት። የሣጥኑን ጽሑፍም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «ሜልቦርን፣ ኅዳር 1949 ዓ.ም.» ብዬ።

ዘንድሮ ሣጥኑ ሲታደስ ከወጣት መምህራኑ አንዱ አጠገቤ ቆሞ ጽሑፉን አነበበና «ጋሼ፣ ማስረጃው ምንድን ነው?» አለኝ። «ሁሉም የሚያውቀው ነው» አልኩት። ዝም አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ያ ዝምታው ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እኔ መካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰዎች የሚያመጡልኝን ሪፖርት «መለኪያህ የታለ?» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ይቺን ብስክሌት ግን በካሊፐር ነክቻት አላውቅም ነበር።

እናም ሞርሳ ላይ አሰርኳት።

የድሮ የብረት ብስክሌት ማንነቷን የሚደብቀው ቀለሟ ነው፤ የሚያወጣው ደግሞ ጥርሷ ነው፤ የብሎኗን ጥርስ ማለቴ ነው። ፔዳሎቹን የሚያገናኘው ምሶሶ የሚያልፍበት አግድም ቤት አለ፤ ኩሽኔታዎቹ ያሉበት። የእንግሊዝ ብስክሌት ከሆነች ይህ ቤት 68 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ በካቴናው በኩል ያለው ክዳን ደግሞ ጥርሱ የግራ ነው፤ ወደ ተለመደው አቅጣጫ ብታዞረው ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። የጣሊያን ከሆነች ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ዲያሜትር 36፣ ሁለቱም ወገን የቀኝ ጥርስ ነው። ፈረንሳዮቹ ደግሞ 35 በ1 ሚሊ ሜትር ይጠቀሙ ነበር፣ እሱም በሁለቱም በኩል የቀኝ ነው። እኔ ይህንን ሁሉ ከማንበቤ በፊት፣ በተማርኩት የእንግሊዝ መጽሐፍ ተማምኜ፣ መፍቻውን ወደ ቀኝ ተጫንኩት። አልንቀሳቀስ አለ። ቧንቧ ጨመርኩበት፣ ባሰበት። ለካ እያጠበቅሁት ነው። ጋሽ ሞረድ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ወደ ግራ ሳዞረው ተፈታ፤ ሲለካ 36 ሚሊ ሜትር፤ ጣሊያናዊት ናት።

የጣሊያን ብስክሌት ሠሪ ግን እንደ አሸዋ ነው። የማን ናት? የመሥሪያ ቁጥሯ ከሞረድና ከዝገት የተረፈው ሁለት አኃዝ ብቻ ነው። ቢተርፍም፣ የፋብሪካው መዝገብ ከሌለ ቁጥር ብቻውን ዓመት አይናገርም። እዚህ ላይ የረዳኝ አንድ ብሎን ነው። በአብዛኛው ብስክሌት ላይ ኮርቻውን የሚያጠብቀው ብሎን ከኮርቻው ቱቦ በስተኋላ ነው ያለው። የኛዋ ግን ከፊት፣ የላይኛው ቱቦ በሚጋጠምበት በኩል ነው። ስንት ዓመት ኮርቻው ላይ ሳያት ይህንን ልብ ብዬው አላውቅም። የፊቱ ብሎን የሌኛኖ ምልክት ነው። ሌኛኖ የሚላኑ፣ ጂኖ ባርታሊ የጋለበለት፣ ፋውስቶ ኮፒም እ.ኤ.አ. በ1940 የመጀመሪያውን የጣሊያን ዙር ያሸነፈበት ነው። በአረንጓዴው ቀለም ሥር፣ መሪው በሚገባበት አንገት ላይ ትንሽ ፈቅፍቄ ሳይ ሌላ አረንጓዴ አገኘሁ፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ የሌኛኖ የራሱ አረንጓዴ።

እስከዚህ ድረስ የሜልቦርን ታሪክ አልተነካም። እንዲያውም ደስ አለኝ። የጣሊያን ብስክሌት፣ ያውም የሌኛኖ፣ በሃምሳዎቹ አዲስ አበባም አስመራም ብርቅ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ፍሬኑ መጣን። ፍሬኑ ዩኒቨርሳል የሚባል የሚላን ሥራ ነው፤ በላዩ ላይ 61 ተጽፏል። ይህ 61 ለአንድ ሙሉ ከሰዓት አከራከረን። ከጓደኞቼ አንዱ «በቃ 61 ዓ.ም. ናት፣ እኔ ግቢ የገባሁበት ዓመት!» አለ። ሌላው «ጣሊያን በእኛ አቆጣጠር ብረት ይመታል እንዴ? እ.ኤ.አ. 1961 ነው» አለ። ሁለቱም አልሆነም። 61 የፍሬኑ የሞዴል ስም ነው። ሞዴሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ያው ቁጥር እየተጻፈበት ተሠርቷል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ፍሬን ከ1961 በፊት ሊኖር አይችልም። ሜልቦርን ደግሞ 1956 ነው።

«ፍሬን ይቀየራል» አልኩ። ለራሴ ጠበቃ የቆምኩት እኔው ነኝ። እውነትም ይቀየራል። ጎማ፣ ካቴና፣ ኮርቻ፣ ፍሬን፣ ሁሉም ይቀየራል። የኛዋ ኮርቻ ቆዳው መርካቶ የተሰፋ ነው፣ ማንም ያየዋል። ስለዚህ አንድ ክፍል ብቻውን ቢመሰክር አይበቃም፤ ብዙዎቹ ተለያይተው ተጠይቀው አንድ ቃል ሲናገሩ ነው የሚታመነው።

ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዘዋውረው የኋላ ካምቢዮ ካምፓኞሎ ነው፤ ኑዎቮ ሬኮርድ የሚባለው የአሉሚኒየሙ ዓይነት። ይህ ዓይነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ካምፓኞሎ ደግሞ ከ1970 አካባቢ ጀምሮ እስከ ሰማንያዎቹ አጋማሽ በዚህ ካምቢዮ አካል ላይ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የተሠራበትን ዓመት ሁለት አኃዝ ይመታ ነበር። በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጠብኩት። 72 ይላል። ከዚያ የኋላውን ሞዞ ፈታሁ። በምሶሶው ላይ ያለው ማቆሚያ ዳዶ ፊቱ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላትና ሁለት አኃዝ አለው፤ እሱም የካምፓኞሎ ልማድ ነው። 71 ይላል። የፔዳሉን ክንድ አውጥቼ በስተጀርባው አየሁ። በሰባዎቹ ካምፓኞሎ ከ1973 ጀምሮ እዚያ ላይ በዳይመንድ ቅርጽ ውስጥ አንድ አኃዝ ይመታ ነበር፣ በሰማንያዎቹ ደግሞ በክብ ውስጥ። የኛዋ ዳይመንድም ክብም የላትም። ከዚያ ዘመን በፊት ናት ማለት ነው። ዋናው አካሏም ይህንኑ ይናገራል፤ የውኃ ኮዳ መያዣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ የለም፣ የፍሬኑ ሽቦም የሚያዘው በተበየደ ሳይሆን በሚታሠር ቀለበት ነው። በሰባዎቹ መጨረሻና በሰማንያዎቹ የተሠራች ብትሆን ኖሮ እነዚህ በብየዳ ተለጥፈው እናገኛቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም አንድ ቀዳዳ ነበረችኝ። ዋናው አካል የሜልቦርን ዘመን ሆኖ ጋሽ ሞረድ ዕቃዎቹን ሁሉ በኋላ ቀይረውት ቢሆንስ? እሳቸው እንደሆነ ይችላሉ። በዚህ ተስፋ ሁለት ሳምንት ኖሬያለሁ።

ያ ወጣት መምህር ነው ያቋረጠልኝ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኩ ባትሪ ወርክሾፑ ውስጥ ዕቃ ሲፈልግ፣ ብርሃኑ በጎን በኩል የኮርቻው ቱቦ ላይ አረፈ። በብሩሽ በተቀባው ወፍራም ቀለም ሥር የፊደል ጠርዝ ታየው። ጠራኝ። ብርሃኑን ወደ ቱቦው አስተኝተን ከላይ ወደ ታች አነበብን። «ሮማ»። ከሥሩ «ኦሊምፒያዴ»።

ሮማ ኦሊምፒያዴ የሌኛኖ ሞዴል ስም ነው። ከሮም ኦሊምፒክ የተወሰደ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1960፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ካሸነፈበት። የ1960ን ኦሊምፒክ ስም የለበሰች ብስክሌት በ1956 ሜልቦርን ልትገኝ አትችልም። በቃ። ወሬው ከየት እንደተነሣም እዚያው ታየን። ብስክሌቷ እንደገና ከመቀባቷ በፊት የነበሩ ተማሪዎች «ኦሊምፒያዴ» የሚለውን አንብበዋል፤ ከዚያ ቀለሙ ጽሑፉን ሸፈነው፣ ወሬው ቀረ። «ሮማ» ጠፍቶ ሜልቦርን ለምን እንደተተካ አላውቅም። ምናልባት ሮም ላይ አበበ ስላለ ለብስክሌት የሚተርፍ ቦታ አልነበረም ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ባለፈው ጊዜ ከንግግሬ በኋላ ብዙ ሰው «ቤቴ አሮጌ ብስክሌት አለ፣ ዕድሜዋን እንዴት ልወቅ?» ብሎኝ ነበር። ያኔ የመለስኩትን እርሱት። የአባታችሁ ባለ ሦስት ማርሽ የእንግሊዝ ብስክሌት ከሆነች የኋላ ሞዞዋን ጥረጉት፤ ስተርሚ አርቸር ከሆነ ብዙ ጊዜ ወሩና ዓመቱ ሞዞው ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። የሺማኖ ዕቃ ያላት ከሆነች ሁለት የላቲን ፊደል ፈልጉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ኤ ማለት 1976፣ ቢ 1977 እያለ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወር ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ጎረቤት ጋራዡን ሲያጸዳ ሽዊን የገዛችሁ፣ የቺካጎው ሽዊን ከ1965 ጀምሮ ቁጥሩ በሁለት ፊደል ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ወሩን፣ ሁለተኛው ዓመቱን ይነግራል። ይህ ግን ቁጥሩ ብረቱ ላይ የተመታበት ቀን ነው እንጂ ብስክሌቷ የተሸጠችበት አይደለም። ሁሉም ደግሞ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እባካችሁ የ61ን ክርክር አትድገሙት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ብረቱን ሁሉ ጠይቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው መጀመሪያ መደረግ የነበረበትን ያደረግሁት። የጋሽ ሞረድ ልጅ ዘንድ ደወልኩ። ዛሬ እዚህ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ይህንን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ስለ ሜልቦርን ስነግራት ሳቀች። «አባዬ ፒያሳ ካለ የጣሊያን ሱቅ በየወሩ እየከፈለ ነው የገዛት፣ አዲስ ሆና» አለችኝ። መቼ? «እኔ በተወለድኩበት ዓመት፣ በ65። እማዬ እስክታርፍ ድረስ ‹እኔ ስወልድ እሱ ብስክሌት ገዛ› እያለች ነው የኖረችው።» 1965 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1972 ጀምሮ ያለው ዓመት ነው። ካምቢዮው 72 ይላል። ቀለሙንስ ጠየቅኋት። የግቢያቸው በር ሲቀባ የተረፈ ነው። ሥዕለትም ምስጢርም የለበትም፤ ቆርቆሮው ውስጥ ቀለም ተርፎ ነበር፣ ብስክሌቷም ዝጋ ነበር።

«ከአምስት ዓመት በፊት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

ይህንን መልስ ለብዙ ቀን አላመጥኩት። ብስክሌቷን ከቤታቸው ስወስድ ከደጃፋቸው ቡና ጠጥቼ ነው የወጣሁት። ስለ አባቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ሳነሣ ትንሽ ያፍረኛል። የኋላው ሹካ ስፋት ሲለካ 126 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ዘመን ባለ አምስት ጥርስ ሆና የወጣች ብስክሌት 120 ነው መሆን ያለበት፤ 126 ከዚያ በኋላ ለመጣው ባለ ስድስት ነው። አንድ ሰው ስድስት ሚሊ ሜትር ከፍቷታል። በቀኝ በኩል ያለው ቱቦም ከጫፉ አጠገብ ተሰንጥቆ በናስ ተበይዷል፣ ብየዳው ተሞርዶ ከቱቦው ጋር እኩል ሆኗል። ጣቴን ሳሳልፍበት ትዝ አለኝ። 1979 ዓ.ም.፣ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ዕቃ ከውጭ የማይገባበት ጊዜ ነው። ጋሽ ሞረድ ከየት እንዳገኙት የማላውቀውን ባለ ስድስት ጥርስ ይዘው መጥተው «ና ያዝልኝ» አሉኝ። ከአንዱ ጫፍ ክር አሥረው፣ ክሩን በፊተኛው አንገት አዙረው፣ ወደ ሌላው ጫፍ መልሰው ሳቡት። ከክሩ እስከ ኮርቻው ቱቦ በግራም በቀኝም ያለው ርቀት እኩል እስኪሆን ድረስ፣ ሹካውን በትንሽ በትንሹ ከፈቱት። ሦስት ሚሊ ሜትር በዚህ፣ ሦስት በዚያ። ያንን ክር የያዝኩት እኔ ነኝ። ስንጥቁን ያዩት ያኔ ነው። ናስ የሚቀልጠው 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ያን ያህል ቀጭን ቱቦ ብዙ ካለፈበት ይበላሻል። ሙቀት መለኪያ አልነበረንም። መብራቱን አስጠፍተው የብረቱን ቀለም እያዩ በየዱት። እንድሞርደው ሰጡኝ። ከዚያ በመስኮቱ ብርሃን አዩትና «ሞርድ» አሉኝ።

ከአምስት ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ ስለ ሜልቦርን ሳወራ ይህ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። በእጄ የነካሁትን ረስቼ ያላየሁትን ነው የተረኩት።

በማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ ይህንን ስናገር ሁለት ሐሳብ ነው የተነሣው። አንደኛው፣ «ታሪኩ ማንንም አልጎዳ፣ ተማሪውም ይወደዋል፣ ለምን አትተወውም?» የሚል ነው። ያሉኝ ሰዎች የማከብራቸው ናቸው። ሜልቦርን ካልሆነች ሣጥኑ ለሌላ ነገር ይዋል ያሉም አሉ። እኔ ይህንን አልቀበልም። ተማሪው በሣጥኑ በኩል አልፎ ነው ሞረድ ሊማር የሚገባው። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በብርሃን የማይታይ ከሆነ ውስጥ ገብቶ ማን «ሞርድ» ሊለው ነው? ገንዘቤ ይመለስ የሚል ካለ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ ያግኘኝ፤ ከኪሴ ነው የምከፍለው፣ ከማኅበሩ አይደለም።

እንዲጻፍ ያቀረብኩት ይህ ነው፦ «ሌኛኖ፣ ሮማ ኦሊምፒያዴ። ጣሊያን፣ ሚላን፤ እ.ኤ.አ. 1972 ገደማ። በ1965 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተገዛች። በ1979 ዓ.ም. በዚህ ወርክሾፕ ተጠገነች።» ከሥሩ የጋሽ ሞረድ ሙሉ ስም፣ በመዝገብ ያለው። ልጃቸው የሚያውቃቸው በዚያ ስም ነው። ቀኝ ጎኗም ወደ ተመልካች ይዙር፤ እስከዛሬ ብየዳው ወደ ግድግዳ ነው የዞረው። አረንጓዴው ቀለም አይነካም፤ የግቢያቸው በር ነውና።

ኮሚቴው የሚወስነው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በስልሳ አምስትና በሰባዎቹ መጀመሪያ ግቢ የነበራችሁ፣ ቀለሟ ሳይቀየር፣ ጽሑፏ እየታየ የተነሣችሁት ፎቶ በየአልበማችሁ ሊኖር ይችላል። ከወርክሾፑ በር አጠገብ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ነበር የምትቆመው። እናንተ ከፊት ናችሁ፣ እሷ ከኋላ ናት፤ ስለዚህ ከራሳችሁ ፊት አልፋችሁ እዩ። ያገኘ ሰው ለእኔ ሳይሆን ለልጃቸው ይስጣት፤ ከፊት ረድፍ ነው ያለችው፣ ነጠላ የለበሰችው።